አባቴ ማሽን አልነበረም

ሰው መሆኔን እንዳረጋግጥ የተጠየቅኩት በአንድ የአዳማ ቀትር ላይ ነው። በዚያ ሰዓት አዳማ ውስጥ ሙሉ ሰው የለም፤ ሁሉም ሰው ግማሹ በላብ ሄዷል። እኔም የተረፈችኝን ይዤ መምህሬ ቢሮ ውስጥ ቆሜ እከራከራለሁ።

«ይሄን ጽሑፍ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም፤ ማሽን ነው» አለኝ መምህር ገመቹ።

«እኔ ነኝ፣ ቲቸር።»

«እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ሰው የለም።»

አለ እንጂ! ማለቴ፣ ነበረ። ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ ለእሱ ትፈርዱለታላችሁ። የቸኮላችሁ ካላችሁ ግን ከወዲሁ ሂዱ፤ እኔ ወሬ ማሳጠር አልችልበትም።

አባቴ በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የአዳማ ቅርንጫፍ የዕቅድና ሪፖርት ሠራተኛ ነበር። ሌላው ሰው ይሠራል፣ እሱ የተሠራውን ይጽፋል። ያልተሠራውንም ይጽፋል፤ «በሂደት ላይ ይገኛል» ብሎ። ሌሎች አባቶች ቤት ሲገቡ ኮታቸውን አውልቀው ሥራቸውንም አብረው ይሰቅላሉ። የኔ አባት ኮቱን ብቻ ነበር የሚያወልቀው።

እማዬ ሽሮ ስታቀርብለት ይቀምስና ጉሮሮውን ይጠርጋል። «የዛሬው ሽሮ ካለፈው ሳምንት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር አበረታች መሻሻል ታይቶበታል» ይላል።

«ጨው በዝቶበታል አትለኝም?» ትለዋለች።

«እሱ በችግርነት ተለይቶ ተይዟል።»

ልጅ ሳለሁ ትኩሳት ሲይዘኝ ግንባሬን ዳብሶ «ሁኔታው ሙሉ በሙሉ በቁጥጥር ሥር ውሏል» ይለኝ ነበር። እኔም አምኜው እተኛለሁ። ቆቃ ወስዶ ዓሣ ሲያበላን ጉዞው የልምድ ልውውጥ ይባላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ሲጮኽ፣ እሱ ከወንበሩ ሳይነሳ «ተቋርጦ የነበረው አገልግሎት ወደ ነበረበት ተመልሷል» ብሎ ለእኔና ለእማዬ ያሳውቃል፤ ማየት የተሳነን ይመስል። እየቀለደ ነው እንዳትሉኝ ፊቱ ኮስተር ያለ ነው። የምሩን ነው እንዳትሉኝ ደግሞ የከንፈሩ ጠርዝ ላይ የሆነች ነገር አለች። እስከ ዛሬ አለየልኝም።

እኔ አፌን የፈታሁት በዚህ አማርኛ ነው። መዋዕለ ሕፃናት እያለሁ አንድ ቀን እጄን አውጥቼ «የሽንት ጉዳይ አፋጣኝ ምላሽ የሚሻ ሆኗል» ማለቴን እማዬ ቤታችን ለረገጠ እንግዳ ሁሉ ታወራለች። መምህርቷ እስኪገባት ድረስ ጉዳዩ ራሱን በራሱ ፈትቶ ነበር።

አባቴ ካረፈ ቆየ። ቆየ ስል፣ ጎረቤት «እንዴት ናችሁ፣ በረታችሁ?» ማለቱን የሚያቆምበት ያህል ማለቴ ነው። ቤታችን ጸጥ አለ። ምሳ ይበላል፤ የሚገመግመው የለም። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፤ የሚያሳውቅ የለም። እኔም እንደሱ መናገር ተውኩ፤ እማዬን እንዳላስለቅሳት ፈርቼ ነው። እሷም ለምን ተውሽ ብላ አልጠየቀችኝም። መልኩ አይደለም የሚናፍቀኝ፣ ፎቶው ግድግዳው ላይ አለ። ወሬው ነው የሚናፍቀኝ። አንዳንዴ እህል ስውጥ ጆሮዬ ይጠብቃል፤ አሁን አንድ ነገር ይላል ብዬ።

እንግዲህ ወደ መምህር ገመቹ ልመለስ። እኔ ስሙን የማልጠራው አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ፤ ተመራቂ። እሱ ፊቸር የሚባለውን የጋዜጣ ሐተታ አጻጻፍ በአማርኛ ያስተምረናል። ገና ወጣት ነው፤ የአርሲ ልጅ፣ ሸሚዙን እስከ ክርኑ የሚጠቀልል። ኤአይ ከመጣ ወዲህ ግን ያረጀ ይመስላል። ወረቀት ስትሰጡት መጀመሪያ አያነብም፤ ፊደሎቹን ትክ ብሎ አይቶ ይተነፍሳል። የተበላሸ ወተት የሸተተው ሰው እንደሚሆነው።

የሰጠን የቤት ሥራ ይሄ ነው፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኤአይን ለቤት ሥራና ለፈተና ስለመጠቀም ምን ያስባሉ? ሰው አነጋግራችሁ፣ በራሳችሁ እጅ ጻፉ። «ማሽን የጻፈው ወረቀት ያገኘሁበት ኤፍ ይዞ ኮርሱን ይደግማል» አለን። መድገም ማለት ለእኔ ከጓደኞቼ ጋር አለመመረቅ ነው። እማዬ ደግሞ ለምርቃቴ ቀሚሷን አሰፍታ ከጨረሰች ቆይታለች፤ በየጊዜው እየለካች «አልጠበበኝም?» ትለኛለች።

እኔም ጥያቄዎቼን በክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቅኳቸው። መልሱ ዶፍ ሆኖ ወረደ። ለካ ሰው እንዲህ ይወደኛል ብዬ ልቤ ሞላ። ማንበብ ስጀምር ግን ሁሉም ሰው አንድ ሰው ሆነብኝ። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት በትምህርቱ ዘርፍ ዘርፈ ብዙ ጥቅሞች ቢኖሩትም...» ይላል አንዱ። ሌላውም እንዲሁ። ሌላዋም እንዲሁ። አንዱማ «በደስታ! ለጥያቄዎ የተዘጋጀው መልስ የሚከተለው ነው» የምትለዋን መስመር እንኳን ሳያጠፋ ነው የላከልኝ። ስለ ኤአይ ያላቸውን አስተያየት ኤአይን ጠይቀው ነገሩኝ።

ስለዚህ በእግሬ ወጣሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት ጓደኛዬን ቶላን ነው፤ ከሞጆ በየቀኑ በሚኒባስ የሚመላለስ፣ ግማሽ ትምህርቱን መንገድ ላይ የተኛ ልጅ።

«እኔ ኤአይን እቃወማለሁ» አለኝ፣ ሳምቡሳውን እየገመጠ።

«አንተ? ያለ እሱ ስምህን የማትጽፈው ልጅ?»

«አቦ ለዛ ነዋ! ድሮ እኔ ብቻ ነበርኩ የምጠቀምበት። አሁን ሁሉም ገባበት። ታዲያ እኔ በምን ልለይ?»

ይህን ጻፍኩ። ከባቱ የመጣችው ሰብሪና ግን አላሳቀችኝም። ካፌው ጥግ ተቀምጣ ነበር። «እኔ የማስበው በኦሮምኛ ነው» አለችኝ፤ «አማርኛ ስጽፍ ክፍል ውስጥ ይሳቅብኛል። እሱ አይስቅብኝም። ያርመኝና ለምን እንደተሳሳትኩ ይነግረኛል። ይሄ ማጭበርበር ከሆነ የእናንተ ሳቅ ስሙ ምንድነው?» እሱንም ጻፍኩ። አንድ ቀጭን ልጅ ደግሞ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ሆኖ «ፈተና በቃል ይሁን፤ መምህሩ ፊት ቁጭ ብለን እንጠየቅ» አለ። አብረውት የነበሩት በአንድ ጊዜ ዞረው አዩት። ሻዩን ብቻውን ነው የጨረሰው።

ጽሑፉን ቤት ሆኜ ነው የጻፍኩት፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እማዬ ሱቋ እያለች። መጀመሪያ እጄ አልንቀሳቀስ አለ። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ወጣ፦ «በተማሪዎች ዘንድ በተካሄደው የመስክ ምልከታ ዘርፈ ብዙ ግኝቶች የተገኙ ሲሆን ከእነዚህም መካከል...»

ቀና አልኩ። አባቴ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የት ተቀምጦ እንደነበር እንጃ፣ ጣቴ ላይ ነበር። ዝም ብዬ ለቀቅኩት። የቶላ ቅሬታ «የተጠቃሚዎች ቁጥር መጨመር ያስከተለው የተወዳዳሪነት ችግር» ሆነ። የቀጭኑ ልጅ ሐሳብ «በባለድርሻ አካላት ዘንድ በቂ ድጋፍ ያላገኘ አማራጭ» ሆነ። ስለ ካፌው ሻይ የጥራት ጉድለትም አንድ አንቀጽ ገባ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ። እየጻፍኩ እስቃለሁ፣ አፍንጫዬንም እጠርጋለሁ። ከቀብሩ በኋላ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቶላ ደግሞ እዚያው ሚኒባስ ውስጥ ስልኩን አውጥቶ ኤአይን «አማርኛው ትንሽ የሚሰናከል፣ መንገድ ያደከመው የሞጆ ተማሪ ሆነህ ጻፍልኝ» አለው። አንድ ነገር አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ወረቀቱ ሲመለስለት ጠርዙ ላይ «ሕይወት አለው! የራስህ ድምፅ ይሰማል» የሚል ተጽፎበታል። የእኔ ላይ በቀይ «ቢሮዬ ነይ» ይላል።

የሄድኩት ያን ቀትር ነው። መምህር ገመቹ ጣቱን በጽሑፌ ላይ እየነዳ ያነብልኝ ጀመር።

«‹ዘርፈ ብዙ›። ‹ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተጠናከረ መጥቷል›። ‹ወሳኝ ሚና ይጫወታል›። አሁን አንቺ ‹ከላይ በተጠቀሰው አግባብ› ትያለሽ?»

«እላለሁ።»

«የት ተማርሽው?»

«ከአባቴ።»

«አባትሽ ናቸው የጻፉልሽ?»

«አባቴ ሞቷል፣ ቲቸር።»

«ነፍሳቸውን ይማር» አለ። ከልቡ ነው ያለው፤ አንገቱንም ደፋ። ከዚያ ግን ወረቀቱን አየት አደረገና «ታዲያ ማን ጻፈው?» አለኝ።

በዚህ ዓይነት ትንሽ ተዟዟርን። በመጨረሻ «ሰኞ ጠዋት ትመጫለሽ። እዚሁ ፊቴ ቁጭ ብለሽ ትጽፊያለሽ። ካልሆነልሽ ኤፍ ነው» ብሎ ወረቀቱን ከደነው። ስወጣ ደግሞ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ፣ «ይሄ እኮ ሰው የማይናገረው አማርኛ ነው» አለ።

ኤፉ አስፈርቶኛል፤ አልዋሽም። ባጃጅ ውስጥ ያስለቀሰኝ ግን ይቺ የመጨረሻዋ ናት። ሰው ተናግሮታል። ሽሮ እየበላ፣ እግሩን አጣጥፎ፣ እኛ ቤት ተናግሮታል።

ቤት ስገባ፣ እስኪ ይሄ የተባለው ማሽን ምን ይላል ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ኤአይን ነክቼው አላውቅም አልላችሁም፤ የእንግሊዝኛ ሥራዎቼን ስንት ጊዜ አስተካክሎልኛል። በአማርኛ ግን አዋርቼው አላውቅም ነበር። «ስለ ዛሬው ምሳችን አንድ አንቀጽ ጻፍልኝ፤ ምስር ነበር» አልኩት።

«ምስር በማኅበረሰባችን የአመጋገብ ሥርዓት ውስጥ ወሳኝ ሚና የሚጫወት ሲሆን» ብሎ ጀመረ።

ለካ መምህር ገመቹ እውነቱን ነው! ይሄ ነገር አባቴን ይመስላል። ወዲያው አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ምናልባት በዓለም ላይ ያለውን ሪፖርት ሁሉ ሰብስበው አስጠንተውት ይሆናል። ከዚያ ሁሉ መሀል የአባቴም ይኖርበት ይሆናል። የቴክኖሎጂ ዕውቀቴ ይህን ያህል ነው፤ ለናፍቆት ግን በቂ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ስነግራችሁ አትሳቁ። እሺ ሳቁ፣ ግን ቀስ ብላችሁ። ለሰኞ መዘጋጀት ሲገባኝ በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ ስልኩን ሪፖርት ሳስጽፈው ዋልኩ። ስለ አዳማ አቧራ አስጻፍኩት። የጎረቤታችን በግ አምልጦ ባጃጅ ውስጥ የገባበትን ሁኔታ አስጻፍኩት። ስለ እማዬ አዲስ ቀሚስ አስጻፍኩት፤ «ከባህላዊ እሴቶቻችን አንጻር ጉልህ አስተዋጽኦ አለው» አለ። ፓኬጄ ሲያልቅ እየሞላሁ፣ ቻርጁ ሲያልቅ ግድግዳ ስር ተቀምጬ እየጠበቅኩ። በመሀል ቶላ ይደውላል።

«አንቺ፣ ሰኞ ፊቱ ስትጽፊ ተሳሳቺ እሺ? ሀሌታውን ሀ በሐመሩ ሐ ቀይሪ። አራት ነጥቡን ርሺ። ሰው መሆንሽ በሱ ነው የሚታወቀው።»

«ሼም አይዝህም? ያንተ እኮ ነው የማሽን!»

«የኔ ሕይወት አለው» ይለኛል።

እሁድ ከሰዓት ጓዳ ሆኜ ስልኩ የጻፈውን ጮክ ብዬ አነብ ጀመር። ድምፄን አወፍራለሁ፣ እንደ አባቴ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ «እህም» ብዬ እጀምራለሁ። «በዛሬው ዕለት በመኖሪያ ቤቱ የተከናወኑ ዋና ዋና ተግባራት...» ስል ከኋላዬ ሳፋ ወደቀ። እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። የታጠበው ልብስ እግሯ ሥር ተበትኗል።

«ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

«ቅድም የሚያወራው?»

ስልኩን አሳየኋት። ምን እንደሆነም አስረዳኋት፤ የምትጠይቀውን የሚጽፍ ማሽን ነው አልኳት። ልብሱን ሳታነሳ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«እስኪ ድገሚው።»

ደገምኩት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችኝ። ከንፈሯ ከእኔ ጋር ይንቀሳቀሳል። እስከ መጨረሻው ሳነብላት ቆየችና ራሷን ነቀነቀች።

«አይደለም» አለች።

«ምኑ?»

«እሱ አይደለም። ደካማ ጎኑ የታለ?»

እዚህ ላይ መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ቀድሞኛል። ሪፖርት ሲጻፍ ጠንካራ ጎን ይዘረዘራል፣ ቀጥሎ ደካማ ጎን ይመጣል፣ በመጨረሻም በቀጣይ አቅጣጫ ይዘጋል። ቢሮ ውስጥ ደካማ ጎን ማለት የመብራት መቆራረጥና የመኪና እጥረት ነው፤ ሰው በራሱ ላይ አይጽፍም። አባቴ ቢሮ ምን ይጽፍ እንደነበር አላውቅም። እቤት ግን ደካማ ጎኑ ሁልጊዜ እሱ ራሱ ነበር።

«ገና የተጋባን ሰሞን ተጣላን» አለች እማዬ፤ «በሩን ወርውሮት ወጣ። እኔም ልብሴን ሰብስቤ ሻሸመኔ እህቴ ጋ ልሄድ ነው። ተመልሶ መጣና እዛ ደፍ ላይ ቆመ። ‹ደካማ ጎን፦ ባልየው ቶሎ ይቆጣል፤ ከተቆጣም በኋላ ይቅርታ መጠየቅ አይችልበትም› አለኝ። አልስቅም ብዬ ነበር፤ ሳቄ አመለጠኝ። ልብሴን መልሶ ያጣጠፈው እሱ ነው።» በአገጯ ወደ ስልኩ አመለከተች። «ይሄ አንዴ እንኳ በራሱ ላይ አልተናገረም። ሁሉ ነገሩ ጥሩ ነው። አባትሽ እንደዚህ አልነበረም።»

ስልኩን ደፋሁት። አፍሬ ነው መሰለኝ፤ እንግዳ ሰውን አባዬ ብዬ የጠራሁ መሰለኝ። ከዚያ የደበቅኳትን ሁሉ ነገርኳት፤ የቢሮውን ክርክር፣ ኤፉን፣ የሰኞውን ፈተና።

«እና አባትሽን ማሽን ነው አለ?»

«አባዬን አይደለም፣ እማዬ፤ ጽሑፌን ነው።»

«ያው ነው። ነጠላዬን አምጪ።»

«ዛሬ እኮ እሁድ ነው።»

«እንግዲያው ነገ አምጪልኝ።»

ዩኒቨርሲቲ ወላጅ ይዞ አይኬድም ብዬ ለመንኳት። ተመራቂ ነኝ፣ ጓደኞቼ ያዩኛል፣ ቶላ እስከ ዕለተ ሞቴ ያወራብኛል አልኳት። ሰኞ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፀጉሯን ተቀብታ፣ ከእኔ ቀድማ በር ላይ ቆማለች። የባጃጁን ታሪፍም እሷ ናት የተከራከረችው።

መምህር ገመቹ እሷን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ።

«አከም ቡልተን፣ በርሲሳ?» አለችው። እማዬ የአዳማ ልጅ ናት፤ እንዴት አደሩ መምህር ማለቷ ነው።

«ነጋ፣ ሃርሜ» አለ፣ ደህና ነኝ እናቴ ብሎ የሸሚዙን እጅጌ እያወረደ። ወንበሩንም ሰጣት። «ግን እዚህ እኮ ወላጅ አንጠራም።»

«ማንም አልጠራኝም፤ ራሴ ነኝ የመጣሁት። እርስዎ ፈተናዎን ይፈትኑ፤ እኔ አላወራም።»

ወረቀትና እስክርቢቶ ሰጠኝ። «ዛሬ ጠዋት ከቤትሽ እዚህ እስክትደርሺ የሆነውን ጻፊ» አለ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጀመርኩ። መጀመሪያ የቶላን ምክር ልከተል ብዬ አንድ ሀ ልቀይር ሞከርኩ፤ እጄ እምቢ አለ። ከዚያ እንደማንኛውም ሰው ልጻፍ ብዬ «ጠዋት ተነሳን። ባጃጅ ያዝን።» ብዬ ጻፍኩ። ደረቅ አለብኝ። ቀና ስል እማዬ ታየኛለች፤ ልክ ቀሚሷን ለክታ «አልጠበበኝም?» ስትለኝ በምታየኝ ዓይን። ኤፉንም መምህሩንም ተውኩና ሰረዝኩት። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«የዕለቱ ጉዞ በተያዘለት መርሐ ግብር መሠረት የተጀመረ ሲሆን በባጃጅ ታሪፍ ላይ የተፈጠረው አለመግባባት በተጓዥ እናት ጠንካራ አቋም ተፈቷል። በመንገዱ ላይ የታየው አቧራ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር ዕድገት አሳይቷል። ጠንካራ ጎን፦ እናት ሳትጠራ መምጣቷ። ደካማ ጎን፦ ልጅቷ አባቷ ከሞተ ወዲህ እንደ አባቷ መናገር አቁማለች። ይህም እናቷን ላለማስለቀስ በሚል፣ እናቷን ሳታማክር፣ በቂ ጥናት ያልተደረገበት ውሳኔ ነው።»

መምህር ገመቹ ቀዩን እስክርቢቶ ይዞ ማንበብ ጀመረ። አቧራው ላይ ሲደርስ በአፍንጫው ሳቀ። ወደ መጨረሻው ሲደርስ እስክርቢቶውን አስቀመጠው። እንደገና ከላይ ጀምሮ አነበበው።

«አንቺ ነሽ» አለ። «አምኛለሁ። ኤፉ ተነስቷል፤ የመጀመሪያውንም እንደገና አይቼ አርምልሻለሁ።»

እንዲህ ብሎ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ መምህር ግን ሳይመክር አይለቅም።

«እንደ ታላቅ ወንድም አንድ ነገር ልንገርሽ። ነገ ጋዜጣ ላይ በዚህ አማርኛ ብትጽፊ ሰው ነው የጻፈው የሚል አታገኚም። ሁሉም ማሽን ነው ይልሻል። ይቅርብሽ። የራስሽን ድምፅ ፈልጊ።»

እውነቱን ነው፣ ለእኔው አስቦ ነው። አንገቴን ነቀነቅኩ። አላወራም ያለችው እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ምን አልካት፣ ልጄ?» አለችው። እርስዎ ማለቱ ጠፍቶባታል።

«የራስሽን ድምፅ ፈልጊ ነው ያልኳት፣ ሃርሜ።»

«የራሷ ነው» አለች፤ «አባቷ ቤት አላወረሳትም። መሬት አላወረሳትም። የተወላት ይሄን ነው።»

መምህር ገመቹ ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ሊከት ነበር፤ ወደ እኔ ዘረጋልኝ። «ይዘሽው ሂጂ» አለኝ። እማዬን እስከ ደረጃው ድረስ ሸኛት።

ባጃጅ ይዘን ተቀመጥን። ነፋሱ አቧራውን እየነዳ ይገባብናል። እማዬ ወደ ወረቀቱ አየች።

«አንብቢልኝ።»

«እዚህ?»

«እዚህ።»

ሹፌሩ ዘፈን ከፍቶ ነበር። እማዬ ትከሻውን ነካ ስታደርገው ቀነሰው። እኔም ድምፄን ሳላወፍር፣ ጉሮሮዬን ሳልጠርግ፣ በገዛ ድምፄ አነበብኩላት። ስለ ታሪፉ ስል ሹፌሩ በመስታወት ገልመጥ አደረገኝ። ደካማ ጎኑ ላይ ስደርስ እማዬ የነጠላዋን ጠርዝ አፏ ላይ ያዘች። ታለቅሳለች፤ ትስቅማለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የፈራሁት ነገር ይሄ ነበር፤ ሲደርስ አያስፈራም። ዓይኗን ጨፍና ወንበሩን ተደገፈች።

ባጃጁ በራችን ላይ ቆመ።

«እናት፣ ደርሰናል» አለ ሹፌሩ።

«ቆይ ልጄ፣ አልጨረሰችም» አለችው፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ጨርሼ ነበር። ወረቀቱ ላይ የቀረ አንድም መስመር የለም። ወደ ፊቴ አስጠጋሁትና «ቀጣይ አቅጣጫ» ብዬ ማንበቤን ቀጠልኩ።